ቅንፉ ውስጥ ያለው ቁጥር

ጅማ ውስጥ ቤት ያለው ሰው የአሸንዳውን ጉዳይ ከግንቦት በፊት ካልቋጨ ክረምቱን ሙሉ ባልዲ ሲያመላልስ ይከርማል። የእኛ የጓሮ መውረጃ ቱቦም መታጠፊያው ላይ ዝጎ በመበሳቱ፣ ውሃውም በግድግዳው ላይ መውረድ በመጀመሩ፣ እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ ዝርግ ቆርቆሮ እየቆረጡ አሸንዳና ቱቦ ወደሚሠሩ አንድ አዛውንት ዘንድ ሄድኩ። ሥራው ቶሎ የሚያልቅ ስለነበረ ልጠብቅ ብዬ በራፋቸው ላይ ካገኘሁት ዱካ ላይ ተቀመጥኩ።

አዛውንቱ ቆርቆሮውን መሬት ላይ ዘረጉ። ከግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ማስመሪያዎች መካከል አንዱ ጠርዙ እንደ ሞገድ የተቆረጠ ያረጀ ላሜራ ነበር፤ እሱን አውርደው ቆርቆሮው ላይ አስቀመጡና ጠርዙን በምስማር ጫፍ እየተከተሉ ጫሩት። የተጫረው መስመር በግራ በኩል ከዝቅተኛው ቦታ ይነሣል፤ መጀመሪያ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ መሀል ላይ ይፈጥናል፣ ጫፉ አጠገብ ሲደርስ እንደገና ይዘገያል፣ ከዚያም በወጣበት አኳኋን ይወርዳል። በቆርቆሮ መቀስ ቆርጠው በብረት ዘንግ ላይ ሲጠቀልሉት ያ ሲወጣና ሲወርድ የነበረው ጠርዝ ሞገድነቱ ጠፋ፤ በአንድ የቢላ ምት በሰያፍ የተቆረጠ የሚመስል የቱቦ አፍ ሆነ። ሁለተኛውንም በዚሁ መልክ ሠርተው አፍ ለአፍ ሲያገናኟቸው ቱቦው ጥርት ባለ 90 ዲግሪ ታጠፈ።

ከዱካው ላይ ሳልነሣ ያ መስመር ምን እንደሆነ ገባኝ። በ11ኛ ክፍል ዜሮ ያስገኘልኝ የሳይን ግራፍ ነበር።

የዜሮዬን ታሪክ በአጭሩ ልንገር። ተማሪ ሳለሁ ዋይ = ኤ ሳይን ቢ(ኤክስ − ሲ) + ዲ የሚለውን ቀመር ያጠናሁት እንደ ውዳሴ በቃሌ ነበር። ኤ ሞገዱን ከፍና ዝቅ ያደርገዋል፤ ቢ ያጠጋጋዋል ወይም ያራርቀዋል፤ ሲ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይወስደዋል፤ ዲ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያነሣዋል። ፈተናው ላይ የሳይን(ኤክስ − 30) ግራፍ እንድንሥል ተጠየቅን፣ እኔም መቀነስ መቀነስ ነው ብዬ ኩርባውን በ30 ዲግሪ ወደ ግራ ወሰድኩት። መምህራችን ለምን ወደ ቀኝ እንደሚሄድ ስጠይቃቸው የሰጡኝ መልስ ሕጉ እንደዚያ ነው የሚል ነበር። ሕጉን ያዝኩ፤ ቀጣዩን ፈተናም አለፍኩ፤ ነገሩ ግን ሳይገባኝ ብዙ ዓመት አለፈ። ዘንድሮ ደግሞ እኛ ዘንድ ተቀምጣ የምትማረው የእህቴ ልጅ 11ኛ ክፍል ደርሳ ያንኑ ጥያቄ በዚያው አኳኋን አመጣችው። «አጎቴ፣ ከተቀነሰ ለምንድን ነው ወደ ፊት የሚሄደው?» አለችኝ። ሕጉ ነው ልላት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

ቱቦውን ካየሁ በኋላ ግን አራቱን ፊደላት በአንድ ዕቃ ላይ ላሳያት ቻልኩ። የቱቦው ዲያሜትር 10 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ተከፍቶ ሲዘረጋ የዙሪያው ርዝመት 31.4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ሞገዱ አንድ ጊዜ ወጥቶና ወርዶ የሚጨርሰው በዚህ ርዝመት ውስጥ ስለሆነ ቢ የሚወስነው የኩርባው ፔሬድ፣ ማለትም የአንዱ ሞገድ ርዝመት፣ የቱቦው ዙሪያ ነው። ሁለት ቁራጮች ተጋጥመው 90 ዲግሪ እንዲታጠፉ እያንዳንዳቸው በ45 ዲግሪ መቆረጥ አለባቸው፤ በ45 ዲግሪ የተቆረጠ ቱቦ ደግሞ ረጅሙ ጎኑ ከአጭሩ የሚበልጠው ልክ በዲያሜትሩ፣ ማለትም በ10 ሳንቲ ሜትር ነው። የዚህ እኩሌታ፣ ከመሀለኛው መስመር እስከ ጫፉ ያለው 5 ሳንቲ ሜትር፣ ኤ የምንለው አምፕሊቱድ ነው። መታጠፊያው ለስለስ ብሎ እንዲዞር ከሦስት ቁራጮች ቢሠራ እያንዳንዱ ቁርጥ የሚያዘነብለው 22.5 ዲግሪ ብቻ ስለሚሆን አምፕሊቱዱ ወደ 2.07 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ዙሪያው ግን ያው 31.4 ነው። ሰያፉን መቀየር ኤን እንጂ ቢን አይነካም።

ዲ ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ ከታችኛው ጠርዝ እስከ ሞገዱ መሀለኛ መስመር ያለው ቁመት፣ ማለትም ቁራጩ በአማካይ ምን ያህል ይርዘም የሚለው ብቻ ነው። የቤቱ ክፈፍ ከግድግዳው ራቅ ካለ ባለሙያው ዲን ይጨምራል፤ ኩርባው እንዳለ ወደ ላይ ይነሣል። ስለ ዲ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ሲ ግን የስፌቱ ጉዳይ ነው። ቱቦው በአንድ ቦታ ተከፍቶ መዘርጋት አለበት፤ የት ላይ ይከፈት? ቱቦው ራሱ መጀመሪያ የለውም፣ ክብ ነው። አዛውንቱ የሚከፍቱት ሁልጊዜ በአጭሩ ጎን በኩል ነው፤ ስፌቱ ባጠረ ቁጥር ማጠፉም መበየዱም ያንሳልና። ስለዚህ የእሳቸው ማስመሪያ ከዝቅተኛው ነጥብ ይነሣል፣ በመማሪያ መጽሐፍ ቋንቋ ግልብጥ ኮሳይን ነው። በረጅሙ ጎን ቢከፍቱት ኖሮ ኮሳይን፣ በመሀሉ ቢከፍቱት ሳይን ይሆን ነበር። ሦስቱም አንድ ዓይነት ቱቦ ይሠራሉ። ሳይንና ኮሳይን ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ አድርገን በተለያየ ገጽ መማራችን ምን ያህል እንዳራቀን የታወቀኝ ያኔ ነው።

ይህ ሁሉ ግን የልጅቷን ጥያቄ ገና አልመለሰም። መልሱን ያገኘሁት ከሰዓታችን ነው።

ፈረንጅ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ይቆጥራል፣ እኛ ከንጋት። ፀሐይ አንድ ናት፣ ስትወጣም ለሁላችን አንድ ጊዜ ነው የምትወጣው፤ የተለያየው ቆጠራችን ነው። ስልኬ የፈረንጁን ሰዓት ያሳያል፤ 9 የሚል ሳነብ 6 ቀንሼ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው እላለሁ፤ ይህን የምናደርገው ሳናስበው ስለሆነ ሒሳብ መሆኑን ረስተነዋል። አሁን የፀሐይዋን መውጣትና መውረድ በሳይን እንጻፍ። በእኛ ሰዓት ቀኑ የሚጀምረው ፀሐይ አድማሱ ላይ ስትሆን ነውና ሳይን ቲ ብቻውን ይበቃል (ቲ ሰዓቱ ነው፤ ሰዓትን ወደ ዲግሪ የሚቀይረውን ማባዣ ለጊዜው ልተወው)፤ ቲ ዜሮ ሲሆን ሳይኑም ዜሮ ነው። በፈረንጅ ሰዓት ልጻፈው ካልኩ ግን ስልኩ የሚያሳየኝን ቁጥር እንዳለ ለሳይን ላቀብለው አልችልም፤ መጀመሪያ 6 መቀነስ አለብኝ፤ ስለዚህ ሳይን(ቲ − 6) ብዬ እጽፋለሁ። በፈረንጁ ሰዓት መስመር ላይ ሲሣል ኩርባው የሚነሣው ከ6 ላይ፣ ወደ ቀኝ ገፋ ብሎ ነው። መቀነሱ ከኩርባው ላይ አልነበረም፤ ከሰዓቱ ንባብ ላይ ነበር። የምቀንሰው ቆጠራው ቀድሞኝ ስለተጀመረ ነው፤ ቆጠራው ከቀደመ ደግሞ ኩርባው በዚያ ቆጠራ ዘግይቶ ይገኛል።

ልጅቷ ይህን ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና፣ «ስለዚህ ቅንፉ ውስጥ ያለው ቁጥር ሰዓቱን ነው የሚነካው፣ ፀሐይዋን አይደለም» አለች። እኔ ከዚህ አሳጥሬ ልናገረው አልችልም። ኤና ዲ ከሳይኑ ውጭ ስለሆኑ የሚሠሩት በውጤቱ ላይ ነው፤ ስለዚህም ሲደምሩ ይደምራሉ፣ ሲያባዙ ያባዛሉ። ቢና ሲ ግን ውስጥ ናቸው፤ የሚሠሩት ገና ለሳይኑ ባልደረሰው ቁጥር ላይ ነው፤ ለዚህ ነው ሁለቱም እንደ ጠማማ ልጅ የተባሉትን ገልብጠው የሚያደርጉ የሚመስሉት። ቢ 2 ሲሆን ግራፉ በእጥፍ ይሰፋል ብሎ ያልተሳሳተ ተማሪ አላውቅም። በተግባር ግን ይጠባል፤ ቆጠራው በእጥፍ ስለሚሮጥ 360 ዲግሪውን በ180 ላይ ይጨርሰዋል።

ሰዓታችን አንድ ተጨማሪ ነገር ያስተምራል። የቀኑ ሙሉ ዙር 24 ሰዓት ስለሆነ 6 ሰዓት ሩብ ዙር፣ ማለትም 90 ዲግሪ ነው። ሳይንን በ90 ዲግሪ ወደ ቀኝ ሲገፉት ግልብጥ ኮሳይን ይሆናል። በሌላ አነጋገር የእኛ ቀን በሳይን ሲጀምር የፈረንጁ ቀን በግልብጥ ኮሳይን ይጀምራል፤ ከዝቅተኛው ነጥብ፣ ከእኩለ ሌሊት። የመርካቶው ቆርቆሮ ሠሪም ቆርቆሯቸውን የሚከፍቱት ከእኩለ ሌሊት ላይ ነው ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር ጅማ ላይ የእኛም ሰዓት ቢሆን ከፀሐይዋ ጋር በትክክል አይገጥምም። የኢትዮጵያ ሰዓት የተስተካከለው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ መስመር ነው፤ ጅማ ያለችው ግን በ36.8 ዲግሪ አካባቢ ነው። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት ፀሐይ በጅማ አናት ላይ የምትደርሰው በአማካይ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ33 ደቂቃ አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ከእኛ ወደ ምሥራቅ 2 ዲግሪ ገደማ ስለምትርቅ ቀትሯ 8 ደቂቃ ያህል ይቀድመናል፤ ጅጅጋ ደግሞ ወደ 24 ደቂቃ። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን የፀሐይዋን ከፍታ ሳይን ብንጽፈው 0.99 ሳይን 15(ቲ − 0.55) አካባቢ ይሆናል፤ 15ቱ በሰዓት የምትጓዘው ዲግሪ ነው፣ 0.55ቱ የዘገየችበት ግማሽ ሰዓት ከምናምን ነው፣ 0.99ኙ ደግሞ ከምድር ወገብ 7.7 ዲግሪ ያህል ራቅ ብለን በመቀመጣችን የጎደለብን ነው። ቁጥሩ አሉታዊ ሲሆን ፀሐይዋ ከአድማስ በታች ነች፣ መሽቷል። ወደ ጅጅጋ ብንሄድ የሚቀየረው ሲ ነው፤ ሌላው ሁሉ እንደነበረ ይቆያል ማለት ይቻላል።

ቅንፉ ውስጥ ካለው ጋር ስንከራከር ሌላ ወጥመድ አለ፤ የእህቴ ልጅም ገብታበታለች። ሳይን(2ኤክስ − 60) ሲሰጣት በ60 ዲግሪ ወደ ቀኝ ወሰደችው። ትክክለኛው 30 ነው። ማባዣው ለሁለቱም የጋራ ስለሆነ አውጥተን 2(ኤክስ − 30) ብለን መጻፍ አለብን፤ ይህን የረሳ ሰው ቅንፉ ውስጥ ያለው ድምር መቼ ዜሮ ይሆናል ብሎ ቢጠይቅ ይበቃዋል። 2ኤክስ − 60 ዜሮ የሚሆነው ኤክስ 30 ሲሆን ነው፤ ኩርባው የሚነሣው ከዚያ ነው። እኔ አስተማሪ ብሆን ኖሮ ግራና ቀኝ የሚሉትን ቃላት ለአንድ ወር ከክፍል አስወጥቼ «ቆጠራው ከየት ይጀምራል?» የሚለውን ብቻ አስጠይቅ ነበር።

ከቤታችን ወደ ፈረንጅ አራዳ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ወፍጮ ቤት አለ፤ ባለቤቱ በሲ ምክንያት አንድ ቀን ሙሉ ሥራ ፈትቷል። ሞተሩ ስሪ ፌዝ ነው። ስሪ ፌዝ የምንለው ሦስት ሽቦዎች ሲሆኑ ሦስቱም የሚሸከሙት ያንኑ የሳይን ኩርባ ነው፤ ቁመታቸው አንድ፣ ፍጥነታቸው አንድ፣ የሚለያዩት በመነሻቸው ብቻ ነው። ሁለተኛው ከአንደኛው በ120 ዲግሪ ይዘገያል፣ ሦስተኛው በ240። ሦስቱን በማናቸውም ቅጽበት ብንደምራቸው ድምሩ ዜሮ ነው። ሞተሩ የሚዞረው ሦስቱ ኩርባዎች አንዱ ከሌላው በኋላ ተራ በተራ ጫፍ ላይ ሲደርሱ የተራውን አቅጣጫ እየተከተለ ነው። አንድ ቀን ከጥገና በኋላ መብራት ሲመለስ ወፍጮው ወደ ኋላ መዞር ጀመረ፤ በጥገናው ወቅት ሁለት ሽቦዎች ቦታ ተለዋውጠው ታስረው ነበር። አምፕሊቱዱ አልተነካም፣ ድግግሞሹ አልተነካም፤ 120ው ወደ 240፣ 240ው ወደ 120 መሄዱ ብቻ ተራውን ገለበጠው። እህል ይዘው የመጡት ሴቶች ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ያሰረው ክፍል ማነው ብዬ አልጠይቅም፤ ባለወፍጮው ግን ሁለቱን ሽቦዎች መልሶ ለማቀያየር ባለሙያ እስኪያገኝ ድረስ መሽቶበታል።

መብራቱን ካነሣን አይቀር፣ ኤና ቢ አንዱ ሌላውን እንደማይነካ ከእሱ የበለጠ የሚያሳይ የለም። በቤታችን የሚገባው 220 ቮልት የሚባለው በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ሳይን ነው። 220 ግን ጫፉ አይደለም፤ ጫፉ 311 ቮልት አካባቢ ነው፤ 220 የሚባለው አምፖሉን በማሞቅ ረገድ ከማይወላውል 220 ቮልት ጋር ስለሚተካከል ነው። ስለዚህ ቀመሩ 311 ሳይን 18,000 ቲ ነው፤ 18,000 ማለት 50 ጊዜ 360 ዲግሪ ነው። አምሽቶ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ መብራቱ ይደክማል፤ 180 ቮልት ሲደርስ ጫፉ ወደ 255 ወርዷል፤ በሴኮንድ መመላለሱ ግን ያው ወደ 50 ነው፤ ድግግሞሹ የመረቡ ሁሉ የጋራ ነውና ሰፈር ለብቻው አይቀይረውም። ለፍሪጃችን የገዛነው ስታቢላይዘር ኤን ብቻ ለማስተካከል የተሠራ ዕቃ ነው፤ እንዲህ ብዬ ለልጅቷ ስነግራት ከፍሪጁ ጀርባ ሄዳ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው።

የቀን ርዝመት ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ የኤ ትርጉም እዚያ ላይ ከሁሉም በላይ ይታየኛል። ጅማ ውስጥ ረጅሙ ቀን ሰኔ 14 ገደማ ሲሆን 12 ሰዓት ከ34 ደቂቃ ያህል ነው፤ አጭሩ ታኅሣሥ 12 ገደማ 11 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል። ልዩነቱ 54 ደቂቃ ነው፣ ስለዚህ አምፕሊቱዱ 27 ደቂቃ፣ መሀለኛው መስመር 12 ሰዓት ከ7 ደቂቃ። ሰባቷ ደቂቃ የምትመጣው አየሩ ብርሃንን ስለሚያጎብጥና የፀሐይዋ የላይኛው ጠርዝ ከመሀሏ ቀድሞ ስለሚወጣ ነው። ይህችን ቀመር ወስደን ወደ ስቶክሆልም ብንሄድ ፔሬዱ ያው 365 ቀን፣ መነሻውም ያው ነው፣ መሀለኛው መስመር በጥቂት ደቂቃ ቢበልጥ ነው፤ 27 ደቂቃ የነበረው ኤ ግን ከ6 ሰዓት በላይ ይሆናል። በበጋቸው ቀኑ ከ18 ሰዓት ተኩል ይበልጣል፣ በክረምታቸው ወደ 6 ሰዓት ይወርዳል። እኛ የቀኑን መርዘም ከነጭራሹ ሳናውቀው የምንኖረው ኤአችን ትንሽ ስለሆነች ነው፤ የዓመቱ ረጅሙ ቀን ደግሞ ጅማ ላይ ደመና ለብሶ፣ ዝናብ እየዘነበ ስለሚያልፍ ማንም ልብ አይለውም።

ይህንኑ ኩርባ በሁለት የዘመን አቆጣጠር ብንጽፈው የሰዓቱ ነገር ይደገማል። ከፈረንጁ ጥር 1 ብንቆጥር ቀንና ሌሊት የሚተካከሉት ወደ 79 ቀን ካለፈ በኋላ ስለሆነ ሲ 79 ገደማ ነው፤ ከዚያ ኩርባው ይወጣል። ከመስከረም 1 ብንቆጥር ግን የሚተካከሉበት ቀን የ11 ቀን ርቀት ብቻ ነው ያለው፣ ኩርባውም ከዚያ የሚሄደው ቁልቁል ነው፤ ስለዚህ 12 ሰዓት ከ7 ደቂቃ፣ ሲቀነስ 27 ደቂቃ ጊዜ ሳይን(ቀን − 11) ብለን እንጽፋለን፣ ቀኑ 365ቱ ቀን 360 ዲግሪ እንዲሆን ተመጥኖ። ኤ አሉታዊ ሲሆን ምን ማለት ነው ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም፤ አዲሱን ዓመት የምንቀበለው ኩርባው ከመሀለኛው መስመር በታች ሊወርድ ሲል ነው። አሉታዊውን ምልክት የማይወድ ሰው በግማሽ ዙር ገፍቶ ከመጋቢት ሊጀምር ይችላል፤ ያኔ ምልክቱ ይጠፋል። እዚህ ላይ ግን ሰማዩ ለሳይን ሙሉ በሙሉ እንደማይታዘዝ መናገር ያስፈልጋል፤ ሳይን ሁለቱን አጋማሾች እኩል 182 ተኩል ቀን ያደርጋቸዋል፣ ምድር ግን ፀሐይን የምትዞርበት መንገድ ሞላላ ስለሆነ ከመስከረም እስከ መጋቢት ያለው 179፣ ከመጋቢት እስከ መስከረም ያለው 186 ቀን ገደማ ነው።

ታንጀንትን በሁለት ቃል ላልፈው እችላለሁ፤ ጫፍ ስለሌለው አምፕሊቱድ የሚባል ነገር የለውም፣ ኤ የሚያደርገው ዳገቱን ማክበድ ብቻ ነው፣ ፔሬዱም 180 ዲግሪ እንጂ 360 አይደለም። ፈተና ላይ የ3 ታንጀንት ኤክስ አምፕሊቱድ ስንት ነው ተብሎ ሲጠየቅ 3 ብሎ የሚመልስ ተማሪ ቀመሩን አንብቧል፣ ግራፉን ግን አላየውም።

ወደ አሸንዳው ልመለስ። የጓሮው ከተሠራ ከሁለት ሳምንት በኋላ የፊት ለፊቱንም ልናስቀይር ስንሄድ ልጅቷን ይዣት ሄድኩ። የፊቱ ቱቦ ዲያሜትሩ 15 ሳንቲ ሜትር ሲሆን አዛውንቱ ለዚህ መጠን የተዘጋጀ ማስመሪያ አልነበራቸውም፤ ክብ ሠርተው፣ በ12 ከፍለው፣ ቁመቱን ከሥዕሉ ላይ እያሻገሩ ሊያወጡት ነበር። ልጅቷ ላስላው ብላ ለመነቻቸው፣ እሳቸውም ያረጀ ቆርቆሮ ወረወሩላት። ዙሪያው 47.1፣ በ12 ሲከፈል 3.93 ሳንቲ ሜትር። ቁመቱ ከአጭሩ ጎን ተነሥቶ 0፣ 1፣ 3.75፣ 7.5፣ 11.25፣ 14፣ 15፣ ከዚያም በመጣበት ይመለሳል። ነጥቦቹን አስቀመጠች፣ በእጇ አገናኘቻቸው፣ እሳቸው ቆረጡላት። መስመሩ ያምር ነበር።

ሲጠቀለል ግን ጠርዝና ጠርዝ አፍ ለአፍ ተነካኩ፤ አንዱ በሌላው ላይ የሚታጠፍበት ቦታ የለም። አደራርባ ስትሞክር ደግሞ ቱቦው ጠበበና ከወንድሙ አፍ ጋር አልገጠም አለ። አዛውንቱ ሳይስቁ፣ «የኔ ልጅ፣ ሒሳቡ ደህና ነው፤ ማጠፊያውን ግን የት ጣልሽው?» አሏት። አዲስ ቆርቆሮ ዘርግተው በግራ ከዜሮው በፊት አንድ ሳንቲ ሜትር፣ በቀኝ ከ47.1ዱ በኋላ አንድ ሳንቲ ሜትር ጨመሩ፤ የጨመሩትን ቁራጭም ከኩርባው ጫፍ ጋር አስተካክለው ቀጥ አድርገው ቆረጡት።

ልጅቷ ቀጥ ብሎ በመቆረጡ አልተስማማችም። ኩርባው እዚያም መቀጠል አለበት፣ ከዜሮው በስተግራም ሞገዱ አለ ብላ ተከራከረች፤ በሒሳቡ ልክ ነበረች። «እዚያ ጋ ዝግ ይላል፣ አያስቸግርም» አሏትና ሥራቸውን ቀጠሉ። ስልኳን አውጥታ አሰላችው፤ ከዝቅተኛው ነጥብ አንድ ሳንቲ ሜትር ሲራቅ ኩርባው የሚነሣው 0.07 ሳንቲ ሜትር፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው። ስፌቱ መሀል ላይ ቢውል ኖሮ ስንት እንደሚሆን ደግሞ ሞከረች፤ እዚያ ዳገቱ 45 ዲግሪ ነውና ያው አንድ ሳንቲ ሜትር ወደ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ያሳስታል። ስልኩን ይዛ ልታሳያቸው ቀና ስትል አዛውንቱ ጠርዙን አጥፈው፣ ቱቦውን ጠቅልለው፣ ሁለተኛውን ቆርቆሮ እየዘረጉ ነበር።